ውኃና መብራት በእትዬ ትርንጎ ግቢ

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዝማሬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ዝናቡስ፣ ጭቃውስ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ሰፈራችን ኢስሊም እንዳለች ናት። ጎረቤታችን ዙፋን ለልጄ ሚስት አጨሁ ብላ መንደሩን ስታስጨፍር ከርማ፣ ለካ ልጁ ሞምባሳ ላይ ሌላ ሚስት ኖራዋለች። አሁን ጥርሷን ነክሳ "ድሮም ልጅቷን አልወደድኳትም" እያለች ትዞራለች። የተከራየችውን ድንኳን ግን እስካሁን አልመለሰችም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያረፍሽበት ማሠልጠኛ ሠልጣኞቹ ሲገቡ ክፍሉን ልቀቂ ማለቱ አላስገረመኝም፤ ከውጭ አገር ለመጣች ተማሪ ብሎ አልጋ ይዞ የሚቆይ የለም። ተከራይቶ መኖርም ነውር አይደለም። ቡናውን የምታጠኚበት ጫካ እስከቀረበሽ ድረስ አንድ ክፍል ይበቃሻል።

ቦንጋ ውስጥ የሚያስጠጋሽ የማውቀው ሰው ካለ ለጠየቅሽኝ፣ የለም። የነበሩት ሞተዋል፤ ያልሞቱትም ርቀው ሄደዋል። ይህን አትመርምሪብኝ።

ልጄ፣ ቤት ስትፈልጊ ከኪራዩ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። "የማን ልጅ ነሽ?" ይሉሻል። እዚያ አገር ይህ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ብቻ ግን አይደለም። አባትሽ ኬንያዊ እንደነበር ተናገሪ፤ ነፍሱን ይማረውና እሱ ማንንም አያስቆጣም። ስለ እኔ ከጠየቁሽ "እናቴ ጅማ ነው ያደገችው፣ ወላጆቿን አታውቅም" በይ። የአያትሽን ስም ቢጠይቁሽ አታውቂውም። እውነትም አታውቂውም፤ ነግሬሽ አላውቅም።

ከስልክ ቤትም አትደውዪልኝ። መስመሩ አይሰማም ተብሎ ሲጮህ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮ ነው። ጻፊልኝ።

እናትሽ ኮከብ

*

ቦንጋ፣ ኅዳር 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

እማዬ፤

አዎ፣ ቤት አግኝቻለሁ። አልጋ አለው፤ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። ይህን ያስቀደምኩት የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርሺ ልብሽ እንዳይቆም ብዬ ነው። አሁን ተረጋግተሽ አንብቢው።

ቤቱን ያገኘልኝ ኢያሱ የሚባል ደላላ ነው። ይህ ሰው መልካም ያላየበት ቤት የለም። መጀመሪያ የወሰደኝ ቤት ጣሪያው ሰማይ ያሳያል። "ይሄኛው አየር ያስገባል" አለኝ። "ኢያሱ፣ ዝናብ ነው የሚያስገባው" ስለው "ያው፣ ውኃ ከቤት ሳትወጪ አገኘሽ ማለት ነው" አለ። የሁለተኛው ቤት ባለቤት ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ የውጭ ዜጋ ማከራየት ይፈራሉ። ፓስፖርቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና "ሰላይ ብትሆኚ እንኳን ጥሩ ልጅ ትመስያለሽ" ብለው ሸኙኝ።

እትዬ ትርንጎ ግን ተቀበሉኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ደርባባ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ብቻ ነው የማያርፈው። ገና ደጃፋቸው ስደርስ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። እንዳልሽኝ መለስኩ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሲያዩኝ ቆዩና "ግንባርሽ ግን የዚሁ አገር ነው" አሉ። ከዚያ ሳቁና አስገቡኝ። ለምን እንደፈራሁ አላውቅም፤ ያንቺ ፍርሃት ይሆናል በፖስታ የደረሰኝ።

ስለ መብራቱ ደግሞ፣ የራሴን ቆጣሪ ላስገባ ብዬ ቢሮ ሄጄ ነበር። "መታወቂያ" አለኝ ጸሐፊው። ፓስፖርቴን ሰጠሁት። "ፓስፖርት ቤት የለውም። ቆጣሪ የሚገባው ቤት ላለው ነው" ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ እትዬ ትርንጎ ከራሳቸው ቆጣሪ በጣሪያው ላይ ሽቦ ሳቡልኝ። አንድ አምፖልና ሬዲዮ ተፈቅዶልኛል። ምድጃ ከሰካሁ ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል አሉ። ውኃው ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ነው፤ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል። ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ውኃው እየቀጠነ በወረደ ቁጥር ወሬው ይወፍራል። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ፣ የማን ላም የማንን ጎመን እንደጨረሰች አሁን ሁሉንም አውቃለሁ።

ለማገዶ እንጨትና ከሰል ጣሰው የሚባል ሰው ከጫካው ዳር እያመጣ ያራግፍልኛል።

የቀረኝ የቀበሌው ወረቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደሰው ቀበሌው እዚህ ቤት ትኖራለች ብሎ ሲጽፍልኝ ነው። ቀበሌው የሚጽፈው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ቀርባ ስትመሰክር ነው። ያ ካልሆነ ከገና በኋላ አገሩን ልቀቂ ነው የምባለው፤ ትምህርቱም እዚሁ ተቋርጦ ይቀራል። እትዬ ትርንጎ "ይህማ ምን አላት፣ የቡና ለቀማው ጋብ ይበልና እሄድልሻለሁ" ብለውኛል።

ልጅሽ ዝማሬ

*

ናይሮቢ፣ ኅዳር 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ዝማሬ ልጄ፤

ታመሽ ሳለሽ የላክሽው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወባው ለቀቀሽ ወይ? እውነቱን ጻፊ፤ "ትንሽ ራሴን አሞኝ ነበር" የምትይው ነገር እኔን አያታልለኝም። እትዬ ትርንጎ አልጋሽ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው እያጎረሱ እንዳስታመሙሽ ሳነብ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ፣ እኚህ ሴትዮ ያወቁ ቀን ምን ይውጠን ይሆን አልኩ። ይህን ለራሴ ነበር ያልኩት፤ ብዕሬ አምልጦኝ ጻፈው። ሌላ ወረቀት ስለሌለኝ አልቀድደውም። አንቺ ግን እንዳላየሽ እለፊው።

እንጨት የሚያመጣው ሰው ለምን ከአጥሩ ውጭ እንደሚቆም፣ ብሩን ለምን እጁ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ እንደሚያስቀምጡለት ጠይቀሽኛል። ሰውየው ማንጆ ነው። ማንጆ የሚባሉት ከጫካው ዳር የሚኖሩ፣ እንጨትና ከሰል ወደ ከተማ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። ሌላው ሰው ቤቱ አያስገባቸውም፣ በዕቃውም አያጠጣቸውም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የሚያውቅ ሰው የለም፣ የሚያደርገው ግን ሁሉም ነው። አንዱ መንግሥት መጣና ቀርቷል አለ። ይሄኛውም መጣና ቀርቷል አለ። ነገሩ ግን መስማቱን እንጃ።

ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ እንድትጠነቀቂ ነው። እንጨቱን በር ላይ ያራግፍ። ውኃ ቢጠማው ካንቺ ዕቃ አይጠጣ። "ጋሽ ጣሰው" እያልሽ መጥራቱንም ተይው፤ እንዲህ የሚጠራው ሰው እዚያ አገር የለምና ጆሮ ይስባል። ክፉ እናት አትበዪኝ። ወረቀቱ እስኪያልቅልሽ ድረስ ብቻ እንደነሱ ሁኚ።

ዙፋን ድንኳኑን መለሰች። ተቀድዶ ነው የመለሰችው፤ ጭቅጭቁ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

እናትሽ

*

ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1991 ዓ.ም.

እማዬ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። ማስጠንቀቂያሽ የደረሰኝ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው።

ወባው ጉልበቴን ወስዶት ነበር፤ ዝናቡም ይወርዳል። እንጨቱን መሸከም ስላቃተኝ ጋሽ ጣሰውን ግባና ጥግ ላይ አስቀምጥልኝ አልኩት። እምቢ አለ። "ይቅርብሽ እህቴ፣ ኋላ የሚከፋው ላንቺ ነው" አለኝ። ክንዱን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ልብ በዪልኝ፤ እኔ ነኝ።

ካስገባሁት አልቀረ ውኃ ልስጠው ብዬ ኩባያዬን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ከጉያው ትንሽ ቅል አውጥቶ በዚያ ጨምሪልኝ አለ። የቆመውም ከበሩ ሳይርቅ ነበር፤ ለመውጣት የሚቸኩል ሰው እንደሚቆም።

እማዬ፣ እሱን ሳየው አንቺን አየሁሽ። ዙፋን ቤት ስንሄድ ኩባያሽን በቦርሳሽ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ዙፋንም "የኮከብ ንጽሕና በዛ" እያለች ትስቅብሻለች። ሰው ቤት ስንደርስ አጥብቀው እስኪለምኑሽ ደጃፍ ላይ ትቆሚያለሽ፤ ከገባሽም በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጪው። ሁሉንም ጨዋነት ነው ብዬ ነበር ያደግሁት። ከዚህ በላይ አልጽፍም። መልሺልኝም አልልሽም።

አንዲት ጎረቤት ሲወጣ አየችው። በማግሥቱ ከቧንቧው የሚቀዳ ሰው ጠፋ። እትዬ ትርንጎ ሽቦዬን ነቀሉት፣ ቧንቧውንም ቆለፉብኝ፤ ከዚያ መጥተው ደጃፌ ላይ አለቀሱ።

"አንቺ ልጅ ምን አደረግሽኝ? ማን ከግቢዬ ይቀዳል ከእንግዲህ?"

"እትዬ፣ ያስገባሁት እኮ ሰው ነው።"

"ሰው መሆኑን ማን አጣው? ሰው ብቻ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ።"

ጎረቤቶቹ ነገሩን ቀበሌ ወሰዱት። እዚያ አንዱ ሹም መላ አገኘሁ አለ። ልጅቷ እንግዳ ናት፣ አታውቅም፤ ሰውየው ገፍቶ ገባባት ትበል፤ እሱ ይታሰር፣ የእትዬ ትርንጎም ግቢ ነውሩ ይነሳለት አለ። እንዲህ ካልኩ እትዬ ትርንጎ ይመሰክሩልኛል፣ ወረቀቱም ይጻፍልኛል። ካላልኩ ግን ለእኔ ሊመሰክሩ አይደፍሩም፤ ከቤቱም እወጣለሁ፣ ከአገሩም። ከገና በፊት ቃሌን እንድሰጥ ነግረውኛል።

በሻማ ነው የምጽፍልሽ። ውኃ ኢያሱ ደላላው በጀሪካን ያመጣልኛል፤ "የመጀመሪያውን ቤት ብትወስጂ ኖሮ ዝናብ ነበረልሽ" ይላል። ሊያስቀኝ ነው። ሳቅሁለት። እሱ ሲሄድ ግን በሩን ቆልፌ ቁጭ እላለሁ፤ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኛል።

ዝማሬ

*

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

ልጄ፤

ላልጠየቅሽኝ ነገር መልሱ አዎ ነው።

በዕድገት በኅብረት ዘመቻው ጊዜ ተማሪዎች መጥተው ከጫካው ዳር ፊደል አስቆጠሩን። ሲመለሱ አብሬያቸው ጅማ ገባሁ። ጅማ የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ውኃ በብርጭቆ ሰጡኝ፤ ብርጭቆውን ከያዝኩ በኋላ ወደኋላ መመለስ አቃተኝ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አባትሽ፣ ከዚያ እዚህ። ሌላውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ስሚኝ። ገፍቶ ገባ በይ። ይህን የምልሽ የጣሰው ወገን የሆንኩት እኔ ነኝ። እሱ ጥቂት ታስሮ ይወጣል። ለምዶታል፤ ሁላችንም ለምደነዋል። አንቺ ግን አለመድሽውም። አልልም ካልሽ "ለሱ ምን አገባት?" ይላሉ። አንዴ እንዲያ ማለት ከጀመሩ ደግሞ አይተውሽም፤ አረማመድሽን ያያሉ፣ ግንባርሽን ያያሉ። እትዬ ትርንጎ ገና በመጀመሪያው ቀን አይተውት የለ? የዚያን ጊዜ የሚነቀለው ሽቦሽ ብቻ አይሆንም። ያጎረሰሽ ሰው እጁን ሲታጠብ ቆመሽ ታያለሽ። እኔ አይቻለሁ። አንቺ እንድታዪው አልወለድኩሽም።

ይህን ስጽፍ በሩን ቆልፌ ነው። ዙፋን ሁለቴ አንኳኳች፤ የለሁም አልኳት። "የለሁም" ብሎ የሚመልስ ሰው የት ታይቶ ይታወቃል? እሷም ስቃ ሄደች። ዙፋን ብታውቅ ምንም እንደማትለኝ አእምሮዬ ይነግረኛል፤ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ማንጆ ምን እንደሆነ እንኳን አታውቅም። ግን ፍርሃቴ አገር አይለይም።

ማለቱን ካልቻልሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ። ትምህርቱ ይቅር። ይህን ደብዳቤ ግን አቃጥዪው።

እናትሽ

*

ቦንጋ፣ ጥር 8 ቀን 1991 ዓ.ም.

እማዬ፤

እንኳን አደረሰሽ። ገናውን አብረን አለመዋላችን ከፍቶኛል።

ቤቱም አለኝ፣ ወረቀቱም አለኝ። ቴሌግራም ልከሽ "መልሺ" ስትዪ ወዲያው ያልመለስኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ቀበሌ ገብቼ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ እኔ ጠርቼው ገባ አልኩ። ከዚያ በፊት ግን እትዬ ትርንጎ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሳላስጠነቅቃቸው እንዲዋረዱ አልፈለግሁም። ሰፌድ ላይ ቡና እየለቀሙ ነበር። የምለውን ስነግራቸው "ምን ሆነሽ ነው ለእሱ እንዲህ የምትሞቺለት?" አሉኝ። ሌላ መልስ ፈለግሁ፤ በእውነት ፈለግሁ እማዬ። "እናቴ ከነሱ ናት" አልኳቸው።

እጃቸው ቡናው ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

"እኔ እኮ በዚህ እጄ አጉርሼሻለሁ" አሉ።

"አዎ እትዬ። ምንም አልሆኑም።"

"ምንም አልሆንኩም" አሉ፤ ራሳቸውን እንደገረማቸው። ከዚያ "ሂጂ አሁን" አሉኝ። ዕቃዬን ሸክፌ ቁጭ አልኩ።

ቀበሌ ስገባ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እኔ ቃሌን ሰጠሁ። ሹሙ ተቆጣ። እሳቸው ተነሡና "ልጅቷ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ማንን እንዳስገባች የምጠይቃት እኔ ነኝ፤ ጻፍላት" አሉት። ሹሙ "ነገ ጎረቤት አይቀዳልዎትም" ቢላቸው "ሲጠማው ይመጣል" ብለው መለሱለት። እውነታቸውን ነው፤ ሌላው ቧንቧ ሩቅ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ እያጉረመረመ ተመልሷል። ጋሽ ጣሰውም አልታሰረም። በእኔ በር ግን አያልፍም፤ እያየሁት ዞሮ ይሄዳል። በዚህ አልቀየመውም።

ለማንም ተናግረው ይሆን ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ እስካሁን አልተናገሩም። ወሬ በአፋቸው የማያድር ሴት ይህን ይዘው እንዴት እንደሚውሉ እግዜር ይወቅ። ቧንቧው ዘንድ ሳቅ በሰማሁ ቁጥር ዛሬ አመለጣቸው እላለሁ። ከእሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን ስንገናኝም እሳቸውም የፈሩ ይመስለኛል።

መብራቱን መልሰው ቀጠሉልኝ። ውኃውን ግን አልከፈቱልኝም። "መብራቱ በሽቦ ነው የሚመጣው፤ ካንቺ ወደ እኔ አይመለስም። ውኃውን ግን እጅ ይነካዋል። ጊዜ ስጪኝ፣ እኔም አሮጊት ነኝ" አሉኝ። ጎረቤቱ ቅጣት መስሎታል፤ እሳቸውም ይምሰለው ብለው ትተውታል።

ስለዚህ ጀሪካን ይዤ ከከተማው በታች ወዳለው ምንጭ መውረድ ጀመርኩ። የከተማው ሴቶች ከላይ ይቀዳሉ። የማንጆ ሴቶች ከታች፣ ውኃው ከደፈረሰበት ዝቅ ብለው ይቀዳሉ። መሃል ላይ ቆምኩ። ከላይም ከታችም አዩኝ። ሳልቀዳ ተመለስኩ። ኢያሱ ያመጣልኝ ግማሽ ጀሪካን አለኝ፤ እሱ ሲያልቅ ግን መውረዴ አይቀርም።

እማዬ፣ ከየት ልቅዳ?

ልጅሽ ዝማሬ

*

ናይሮቢ፣ ጥር 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንዳለ ነው። ዙፋን ከልጇ ጋር ታርቃ ሞምባሳ ሄደች፤ ያቺን የጠላቻትን ምራት ልታይ ነው የሄደችው፣ ወዳት ትመለሳለች። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

ያንን ምንጭ አውቀዋለሁ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እኛ ከታች ስንቀዳ ከላይ እግር የታጠበበት፣ ልብስ የታሸበት ይወርድልን ነበር። ጠዋት ማንም ሳይመጣ የሄድን ቀን ጥሩ ውኃ እናገኛለን፤ ሲመጡብን ደግሞ ሮጠን ዝቅ እንላለን። ይህ ለልጅ ጨዋታ ነበር። እኛም እየሳቅን ነበር የምንሮጠው።

ከላይ ቅጂ ልልሽ ጀመርኩ። ነገ እትዬ ትርንጎ ሳያስቡት ቢያወሩስ፣ እዚያ ላይ ቆመሽ ቢደርሱብሽስ ብዬ ተውኩት። ከታች ቅጂ እንዳልልሽ ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። እናት ልጇን ወደዚያ ውረጂ ብላ በገዛ ብዕሯ እንዴት ትጽፋለች? ወረቀቱ ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። አሁንም አላውቅም። ነይ እንዳልልሽም አንቺ አሁን አትመጪም።

የነበሩት ሞተዋል፣ ያልሞቱትም ርቀዋል ብዬሽ ነበር። እህት አለችኝ፤ ተሾመች ትባላለች፤ ታናሼ ናት። ከታች ከሚቀዱት ውስጥ ግራ እግሯን ሳብ የምታደርግ ሴት ካለች እሷ ናት። በስሟ አትጥሪያት፣ አታናግሪያትም፤ ሰው ያያችኋል። ጤነኛ ትምሰል አትምሰል ብቻ አይተሽ ጻፊልኝ። ካረጀችም ጻፊልኝ።

ውኃውን ግን ከየትም ቅጂው፣ አፍልተሽ ጠጪ።

እናትሽ